ኪስ የሚገባ ኮምፒውተር፦ ጅቡቲ ለሚመላለስ የከብት ነጋዴ የትኛው ስልክ ይሆነዋል?

ከብቱ ዳመርጆግ ለይቶ ማቆያ ገብቷል፤ የመርከቡ ቀን ተቆርጧል። በጤና ሰርተፍኬቱ ላይ የሰፈረው የእንስሳት ብዛት ግን ከፓኪንግ ሊስቱ ጋር አልገጠመም። ሁለት በግ መንገድ ላይ ሞተው ይሆናል፣ ወይም ጫኚው ሲቆጥር ተሳስቷል። ዝርዝሩን አርሞ መላክ የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው፤ ፋይሉ ያለው ግን አዳማ ቢሮ በቀረው ላፕቶፕ ውስጥ ነው። ጅቡቲ ዓርብ ያርፋል፣ የኢትዮጵያ ቢሮ እሑድ ይዘጋል። ወረቀቱ እስኪስተካከል ከብቱ መኖ ይበላል፣ በሙቀቱ ሥጋውን ይጥላል። አረፋ ሲቃረብ ደግሞ ያመለጠ መርከብ ያመለጠ ገበያ ነው።

እዚህ ጅቡቲ ከተማ የሚመጡ ነጋዴዎች «ስልክም ኮምፒውተርም የሚሆን አንድ ዕቃ አለ ወይ?» ብለው የሚጠይቁት ለዚህ ነው። አለ። ነገር ግን ውድ የሆነ ስልክ ሁሉ እንዲህ አይሠራም፤ ካሜራው መብዛቱም ምልክት አይሆንም።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ኖኪያ እ.ኤ.አ. በ1996 ያወጣው 9000 ኮሚዩኒኬተር እንደ መጽሐፍ ተከፍቶ ሙሉ ኪቦርድ ያወጣ ነበር፤ ፋክስም ይልካል። ክብደቱ 397 ግራም ስለነበር ኪስ ይገባል ከማለት ኪስ ይቀዳል ማለት ይቀላል። የዛሬው መንገድ ሌላ ነው፦ ስልኩ ትንሽ ሆኖ ይቀራል፣ ትልቁን ስክሪንና ኪቦርዱን ደግሞ የደረሱበት ቦታ ይሰጥዎታል። የሆቴል ቴሌቪዥንም ሆነ ትራንዚተርዎ ቢሮ ያለው ሞኒተር ይበቃል። ስልኩን በኬብል ሲያገናኙት ስክሪኑ ላይ እንደ ላፕቶፕ ያለ ገጽ ይመጣል፤ ሰርተፍኬቱን በአንድ መስኮት፣ ዝርዝሩን በሌላው ከፍቶ ቁጥር በቁጥር ማመሳከር ይቻላል። በስልኩ ትንሽ ስክሪን ላይ ይህን ለመሥራት የሞከረ ሰው ልዩነቱን ያውቀዋል።

ሳምሰንግ ይህን አሠራር «ዴክስ» ይለዋል። እ.ኤ.አ. በ2017 ከጋላክሲ ኤስ8 ጋር ሲጀመር የተለየ ማስቀመጫ ይጠይቅ ነበር፤ ከ2018ቱ ኖት 9 ወዲህ ግን ተራ የኤችዲኤምአይ ማገናኛ ይበቃዋል። ሁዋዌና ሞቶሮላም በአንዳንድ ከፍተኛ ስልኮቻቸው ላይ ተመሳሳይ ነገር አላቸው። አይፎን ከ15 ጀምሮ በዩኤስቢ ሲ ምስል ያወጣል፣ ነገር ግን ቴሌቪዥኑ ላይ የሚያሳየው ያንኑ የስልኩን ገጽ አስፍቶ ነው፤ ፊልም ለማየት ይሆናል፣ ሁለት ሰነድ ጎን ለጎን ለማረም አይመችም።

ነጋዴው ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው ቻርጀር መሰኪያው ላይ ነው። ሁለት ስልኮች መሰኪያቸው ቁርጥ አንድ ዓይነት ሊሆን ይችላል፤ አንዱ ግን ምስል ያወጣል፣ ሌላው ኃይል ከመቀበልና ፋይል ከማስተላለፍ አያልፍም። የሳምሰንግ ኤ ተከታታይ ስልኮች በአብዛኛው ከሁለተኛው ወገን ናቸው። ስለዚህ አዲስ የኤ ስልክ ከመግዛት በተቀራራቢ ዋጋ ያገለገለ ኤስ ማግኘት ከቻሉ ለዚህ ሥራ ኤሱ ይሻላል። እኔ ከኤስ22 በታች አልመክርም። ሳምሰንግ ለኤስ22 የአምስት ዓመት፣ ለኤስ24 ደግሞ የሰባት ዓመት የደኅንነት ማሻሻያ ቃል ገብቷል፤ ማሻሻያ ባቆመ ስልክ የባንክ መተግበሪያ መያዝ ደግሞ ጥሩ አይደለም።

ራምቦ አደባባይ አካባቢም ይግዙ መርካቶ፣ ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት ማገናኛውን ይዘው ይሂዱና ሱቁ ባለው ቴሌቪዥን ላይ ሰክተው ይዩት። ሻጩ «ይሠራል» ቢልዎት አይበቃም፤ ብዙው ሻጭ ሞክሮት አያውቅም። ማገናኛው ቻርጀር የሚሰካበት ተጨማሪ ቀዳዳ ይኑረው፤ አለበለዚያ ሥራው ሳያልቅ ባትሪው ያልቃል። ለቻርጅ ብቻ የተሠራ ኬብል ምስል እንደማያስተላልፍም ይወቁ፤ እኔ አንድ ጊዜ ጥፋቱ የኬብሉ ሆኖ ሳለ ደህናውን ስልክ መልሼ አውቃለሁ።

ሁለት ሲም የሚቀበል መሆኑንም ያረጋግጡ። የጅቡቲ ቴሌኮሙ ቁጥር ለኢንተርኔቱ ነው፤ የኢትዮጵያው ቁጥር ደግሞ ባንኩ የማረጋገጫ ኮድ የሚልክበት ስለሆነ ሮሚንጉን ደወሌን ወይም ጋላፊን ከመሻገርዎ በፊት ያስከፍቱት። ለአሜሪካ ገበያ የተሠሩ አይፎኖች ከ14 ጀምሮ የሲም ካርድ ማስገቢያ ጨርሶ የላቸውም። ዘመድ ልኮልዎ ከሆነ መጀመሪያ ይህን ይዩ።

ሙቀቱ ሌላው ነገር ነው። አፕልም ሳምሰንግም ስልኮቻቸው እንዲሠሩ የሚመክሩት ከ35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በማይበልጥ አየር ነው፤ እዚህ ካምሲን በሚነፍስበት ወቅት ከ40 ያልፋል። አይሱዙው ዳሽቦርድ ላይ የተተወ ስልክ ቻርጅ መቀበል ያቆማል፣ ከከረረም ራሱን ያጠፋል። ከስክሪን ጋር ሲያገናኙት ደግሞ በራሱም ስለሚግል ሽፋኑን አውልቁለት፣ ቬንትሌተር ፊት አስቀምጡት።

ሰነዱን በተመለከተ፣ የማይክሮሶፍት ዎርድና ኤክሴል እስከ 10.1 ኢንች በሆነ ስክሪን ላይ ለመሠረታዊ እርማት ክፍያ አይጠይቁም። ኤክሴል ላይ ለብር፣ ለጅቡቲ ፍራንክና ለዶላር ሦስት ዓምድ ይክፈቱ። ፍራንኩ ከ1973 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአንድ ዶላር 177.721 ላይ የታሰረ ስለሆነ አንዴ ጽፈው ይተዉታል፤ በየቀኑ የሚቀይሩት የብሩን ብቻ ነው። ብሩ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ በገበያ ስለሚወሰን ባለፈው ጉዞ የሠሩበትን ቁጥር አይመኑት።

ሰርተፍኬት በዋትስአፕ ሲልኩ «ፎቶ» ሳይሆን «ዶክመንት» የሚለውን ይምረጡ። በፎቶ ከላኩት ዋትስአፑ ያሳንሰዋል፤ ማኅተሙና የጆሮ መለያ ቁጥሩ ደብዝዞ «እንደገና ላክ» ይመጣል።

ኪቦርዱን ግን ከአገር ቤት ይዘው ይምጡ። ጅቡቲ የሚሸጠው በአብዛኛው የፈረንሳይ ነው፤ የኤና የኪው፣ የዜድና የደብልዩ ቦታ ተለዋውጧል፣ ከላይ ያለውን ቁጥር ለመጻፍም ሺፍት መጫን ያስፈልጋል። ቀኑን ሙሉ የራስ ብዛትና ኪሎ ለሚጽፍ ሰው ይህ ስሕተት መጋበዝ ነው። የግድ እዚህ መግዛት ካለብዎ በስተቀኝ የቁጥር ሰሌዳ ያለውን ይምረጡ፤ እዚያ ላይ ቁጥሩ ያለ ሺፍት ይጻፋል።

ሁሉም ነገር አንድ ስልክ ውስጥ ሲሆን ስልኩ የጠፋ ዕለት ሁሉም ይጠፋል። ከመነሳትዎ በፊት ዋትስአፕዎን አዳማ ካለው ላፕቶፕ ጋር ያያይዙት፤ ስልኩ ቢጠፋ እንኳ እስከ 14 ቀን ላፕቶፑ ላይ መሥራቱን ይቀጥላል፣ ልጁም ከዚያ ሆኖ ሰነዱን ለትራንዚተሩ መላክ ይችላል። ለሲም ካርዱም የሚስጥር ቁጥር ያስገቡለት፤ ስልኩን ያገኘው ሰው ሲሙን አውጥቶ ሌላ ስልክ ላይ ቢያስገባው የባንኩን ኮድ እንዳይቀበልበት።