ወርቁ አስቀድሞ የሚነገርበት ድርሰት

በአገራችን ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱን በእንግሊዝኛ ሲከታተል የኖረ ወጣት፣ ዩኒቨርሲቲ በገባ በመጀመሪያው ዓመት እንደ ገና የእንግሊዝኛ ኮርስ ሲመደብለት «ይህን ከልጅነቴ ጀምሮ ስማር አልኖርሁምን?» ብሎ ቢያጉረመርም አይፈረድበትም። ሆኖም ደብዳቤ ለመጻፍና ዜና ለመስማት የሚበቃው እንግሊዝኛ፣ ሊቃውንት በመጽሐፍ ከሚከራከሩበት እንግሊዝኛ ጋር በስም አንድ ቢሆንም በጠባይ እጅግ የራቀ ነው፤ ለዚህ ለሁለተኛውማ ለንደን የተወለደውም ተማሪ እንግዳ ነው።

የዚህ የሁለተኛው፣ የሊቃውንቱ እንግሊዝኛ ትምህርት ራሱን ችሎ የቆመው ከባሕር ማዶ የሚመጡ ተማሪዎች በአሜሪካና በእንግሊዝ እየበዙ ሲሄዱ ነው። የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1941 ዓ.ም. የእንግሊዝኛ ተቋም ከፈተ፤ በ1972 ደግሞ በእንግሊዝ የዚህ ሙያ መምህራን ማኅበር አቆሙ። ዛሬም በዚያ አገር በቋንቋ ፈተና ጥቂት ነጥብ የጎደለበት ተማሪ፣ መደበኛው ትምህርት ሳይጀመር የመሰናዶ ኮርስ ይወስዳል።

ቀድሞ በካርቱም ዩኒቨርሲቲ ያስተማረው ጆን ስዌልስ በ1990 ባሳተመው መጽሐፍ እንዳመለከተው፣ የምርምር ጽሑፍ መግቢያ በልማድ ሦስት ነገር ይፈጽማል፤ አስቀድሞ ጉዳዩ የሚያሻ መሆኑን ያሳያል፣ ቀጥሎ ቀደምት ጸሐፊዎች ሳይደርሱበት የቀሩትን ክፍተት ይጠቁማል፣ ከዚያም ያን ክፍተት ለመሙላት የመጣው ይህ ጽሑፍ መሆኑን ያውጃል። በሰምና ወርቅ ያደገ ሰው ይህን ሥርዓት ሲያይ ቅር ይለዋል፤ ባለቅኔው ወርቁን በሰሙ ሸሽጎ አድማጩ እንዲደክምበት ሲያደርግ፣ የምሥጢሩም በቀላሉ አለመገኘት የቅኔው ክብር ሆኖ ሳለ፣ የእንግሊዝኛው መምህር ግን ወርቁ በመጀመሪያው አንቀጽ ገሃድ እንዲወጣ፣ የቀረውም ገጽ ሁሉ ምስክር ሆኖ እንዲቆምለት ያዝዛልና። ከሁለቱ የሚበልጠው የትኛው እንደ ሆነ ለመፍረድ አልደፍርም፤ ማርክ የሚሰጠው ግን ለኋለኛው ነው።

ከዚህ የሚከብደው የጥቅስ ጉዳይ ነው። በጉባኤ ቤት የመምህሩን ቃል ሳያዛንፍ በቃሉ የሚደግም ደቀ መዝሙር ይመሰገናል፤ በዩኒቨርሲቲ ግን ከመጽሐፍ የተገለበጠ ዐረፍተ ነገር ባለቤቱ ካልተጠቀሰ እንደ ስርቆት ይቆጠራል። ስለዚህ ሊቁን አክብሮ ቃሉን እንዳለ ያሰፈረ ተማሪ በሌብነት ሲከሰስ ይደነግጣል። የሌላውን አሳብ በራስ አነጋገር መልሶ መናገር፣ ባለቤቱንም መጥቀስ፣ ያልተረጋገጠውን በ«ይመስላል» መወሰን የብዙ ጊዜ ልምምድ የሚያስፈልጋቸው ናቸው፤ ሰዋስው ብቻ የሚያስተምር ኮርስም አያስገኛቸውም።

ቃላቱስ ቢሆኑ? የኒውዚላንዷ አቨሪል ኮክስሄድ በ2000 ባወጣችው ዝርዝር በየትምህርቱ ዓይነት የሚደጋገሙ 570 የቃላት ቤተሰቦችን ሰብስባለች፤ አብዛኞቹም ከላቲንና ከግሪክ የመጡ በመሆናቸው፣ የአማርኛ ሊቅ ጥልቅ አሳብ ሲገጥመው ወደ ግዕዝ እንደሚዘልቅ ያለ ነገር በዚያም እንዳለ ያሳያሉ።

በእኔ አስተያየት የብዙ ኮርሶች ድካም የሕጉንም የእርሻውንም ተማሪ በአንድ አዳራሽ ሰብስበው ለማናቸውም የማይሆን ምንባብ ማደላቸው ነው። የሕጉ ተማሪ የፍርድ ሐተታ፣ የእርሻው ስለ አፈር የተጻፈ ምርምር እያነበበ ቢማር፣ የሚጽፈውንም አንዱን ወረቀት የቋንቋው መምህር ለአገላለጹ፣ የትምህርት ክፍሉ መምህር ለፍሬ ነገሩ ቢያርሙለት፣ ከዓመቱ መጨረሻ በፊት ለውጡን ራሱ ያየዋል።