ገዳዩ የትኛው ጋዝ ነው? የከሰል ፍምና የተዘጋ ክፍል በስሌት

በክረምት፣ በተለይም በደጋው አገር፣ ፍም የያዘ ማንደጃ ወደ መኝታ ክፍል ማስገባት የቆየ ልማድ ነው። በርና መስኮት ዘግተው ያደሩ ሰዎች በማግሥቱ ሞተው ሲገኙ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ምክንያት «እሳቱ አየሩን ጨርሶባቸው ነው» የሚል ነው። ይህ አባባል እውነት መሆኑን ለመመርመር ቤተ ሙከራ አያስፈልግም፤ የሁለተኛ ደረጃ ኬሚስትሪና አንድ ወረቀት ይበቃል።

አዲስ አበባ ውስጥ ርዝመቱ 4፣ ወርዱ 3፣ ከፍታው 2.5 ሜትር የሆነ ክፍል እንውሰድ። ይዘቱ 30,000 ሊትር ነው። በባሕር ወለል ላይ፣ በ25 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ፣ አንድ ሞል ጋዝ 24.5 ሊትር ይይዛል። የአዲስ አበባ የአየር ግፊት ግን ከባሕር ወለሉ 76 በመቶ ያህል ብቻ ስለሆነ አንድ ሞል ወደ 32 ሊትር ይሰፋል። እንግዲህ በክፍሉ ውስጥ 940 ሞል ገደማ አየር አለ፤ ከዚህም 21 በመቶው፣ ማለትም 197 ሞል ያህሉ፣ ኦክስጅን ነው።

አሁን ግማሽ ኪሎ ከሰል ይቃጠል። አመዱና እርጥበቱ ተቀንሶ 80 በመቶው ካርቦን ነው ብንል 400 ግራም ይሆናል፤ ለ12 ሲካፈል 33.3 ሞል። ቃጠሎው የተሟላ ቢሆን ሁሉም ካርቦን ዳይኦክሳይድ በሆነ ነበር። ይሁን እንጂ ከፍሙ ሥር የተፈጠረው ካርቦን ዳይኦክሳይድ በላዩ ባለው የጋለ ከሰል መካከል ሲያልፍ ሌላ ካርቦን ይዞ ወደ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይለወጣል። በፍም ላይ አልፎ አልፎ የምትታየው ሰማያዊ ነበልባል ይኸው ጋዝ ሲቃጠል ነው፤ ነበልባሏ ስትጠፋ ጋዙ ሳይቃጠል ወደ ክፍሉ ይገባል። «ጢሱን ጨርሷል፣ አሁን ይግባ» የሚባለው ፍም እንግዲህ ይህን ጋዝ ማመንጨቱን አላቆመም። ጋዙ ቀለምም ሽታም የለውም።

ከካርቦኑ አንድ አሥረኛው ብቻ ሞኖክሳይድ ይሁን እንበል። 30 ሞል ካርቦን ዳይኦክሳይድና 3.3 ሞል ካርቦን ሞኖክሳይድ ይገኛል። የመጀመሪያው 30 ሞል፣ ሁለተኛው 1.7 ሞል ኦክስጅን ይወስዳል። ከ197ቱ 165 ሞል ይተርፋል፤ ይህም 17.6 በመቶ ነው። በሰሜን ተራሮች 3,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ እንደ መተንፈስ ያህል ነው፤ ያደክም ይሆናል እንጂ ጤነኛ ሰው አይገድልም። ካርቦን ዳይኦክሳይዱም 3.2 በመቶ ደርሶ ራስ ያሳምማል፣ ትንፋሽ ያፋጥናል።

ካርቦን ሞኖክሳይዱ ግን ከሚሊዮን 3,500 እጅ ደርሷል። ኒዮሽ የተባለው የአሜሪካ የሥራ ደኅንነት ተቋም ለሕይወት ፈጥኖ አስጊ ያለው መጠን 1,200 ነው። ምክንያቱም ይህ ጋዝ ከሄሞግሎቢን ጋር የሚጣበቀው ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ በበለጠ ኃይል ነው፤ ኦክስጅን በክፍሉ ሞልቶ ሳለ ደሙ ተሸካሚ ያጣል። የስኮትላንድ ተወላጁ ጆን ሃልዴን ይህን ጋዝ ራሱ እየተነፈሰ በሰውነቱ ላይ ያየውን እ.ኤ.አ. በ1895 ጽፏል። የተኛ ሰው ግን የራስ ምታቱን እንኳ ላያውቀው ይችላል።

እርግጥ ነው፣ ክፍል ጠርሙስ አይደለም፤ በበሩ ሥር አየር ይወጣል፣ ይገባል። ሆኖም ከሞኖክሳይዱ ሁለት ሦስተኛው ቢወጣ እንኳ የሚቀረው እዚያው 1,200 ገደማ ነው። አንባቢ የራሱን ክፍል ለክቶ ስሌቱን ሊደግመው ይችላል፤ 20 ሜትር ኩብ በሆነች ጠባብ ክፍል ያው ግማሽ ኪሎ ከሰል 5,300 ያህል ይሰጣል።