ማንም ያላወቃቸው ልጆች ሸክላ ለምን ተወደደ?

ብዙዎቻችሁ በውስጥ መስመር የምትጠይቁኝ አንድ ጥያቄ አለ፦ «ስማቸውን እንኳ ሰምተን የማናውቃቸው ጎረምሶች ለዘፈኑበት ሸክላ ይህን ሁሉ ብር የምታወጣው ለምንድን ነው?» ላስረዳ።

እ.ኤ.አ. በየካቲት 1964 ቢትልስ በኤድ ሱሊቫን ትርዒት ላይ ሲቀርቡ 73 ሚሊዮን ያህል አሜሪካዊ በቴሌቪዥን አያቸው። ከዚያ ወዲህ ባንድ ያላቋቋመ ሰፈር ጠፋ። ልጆቹ የሚለማመዱት የአባት መኪና በሚያድርበት ጋራዥ፣ የሚጫወቱት በትምህርት ቤት የዳንስ ምሽት ነበር።

ሸክላ ማሳተምም አይከብድም ነበር። እኔ በምኖርበት በኦሃዮ፣ ሲንሲናቲ ከተማ ውስጥ ራይት የሚባል ፋብሪካ ነበር፤ ቴፕና ገንዘብ ለላከለት ሁሉ በደቂቃ 45 ጊዜ የሚዞር ሸክላ ያትማል። ልጆቹ ጥቂት መቶ ያሳትሙና ለክፍል ጓደኞቻቸው ይሸጣሉ፣ አንዷን ለከተማው ሬዲዮ ይሰጣሉ። ከዚያ አንዱ ኮሌጅ ይገባል፣ ሌላው ቬትናም ይዘምታል፣ ባንዱ ይበተናል። ሳይሸጥ የቀረው ምድር ቤት ይከርማል ወይ ከቆሻሻ ጋር ይሄዳል።

የቀናቸውም አሉ። ሚሺጋን ውስጥ ያደጉ፣ ከሜክሲኮ የመጡ ሠራተኞች ልጆች ያቋቋሙት «ኩዌስቸን ማርክ ኤንድ ዘ ሚስቴሪያንስ» «96 ቲርስ» የሚለውን ዘፈን በ1966 ፓ-ጎ-ጎ በምትባል ሚጢጢ ኩባንያ አወጡ። ካሜዮ የተባለው ትልቅ ኩባንያ ገዝቶ ሲያሳትመው በቢልቦርድ የዘፈኖች ደረጃ ሰንጠረዥ 1ኛ ወጣ። ዘፈኑ ያው ነው፤ የካሜዮው ግን እንደ ልብ ስለሚገኝ ርካሽ ነው፣ ሰብሳቢ የሚሻማው በፓ-ጎ-ጎዋ ነው። የዚህ ገበያ ሕግ ይኸው ነው።

ሸክላ ሳነሳ መጀመሪያ የማየው ዘፈኑ ሲያልቅ መርፌዋ የምትዞርበትን ባዶ ቀለበት ነው። ወደ መብራት ዘንበል ሳደርገው የተጫረው ቁጥር ብቅ ይላል። የራይት ቁጥሮች ተከታታይ ስለሆኑ ዓመቱ ባይጻፍም ዘመኑን ይናገራሉ። ትንሽ ሦስት ማዕዘን ከቁጥር ጋር ካለች ሸክላው ሎስ አንጀለስ፣ ሞናርክ ፋብሪካ የታተመ ነው። ቀጥሎ መሃል ላይ የተለጠፈውን ወረቀት አነባለሁ፤ በዘፈኑ ርዕስ ሥር በደራሲነት የሰፈረው ስም ብዙ ጊዜ የአንዱ ልጅ ስም ነው። ሰብሳቢዎች እነዚህን ሰዎች፣ ዛሬ አያት ሆነው፣ ፈልገው የሚያገኟቸው በዚህ ነው።

እውነቱን እንነጋገር፦ ብርቅ ሁሉ ጥሩ አይደለም። ጊታሩ ያልተቃኘ፣ ከበሮው የሚሮጥ ሞልቷል። ዘፈኑን መስማት ብቻ ለምትፈልጉ ሌኒ ኬይ በ1972 ያሰባሰበው «ነጌትስ» የተባለው አልበም ይበቃችኋል፤ ሻካራውን ለምትወዱ ከ1983 ጀምሮ የወጣው «ባክ ፍሮም ዘ ግሬቭ» የተባለው ተከታታይ አልበም አለ።

ኦሪጅናሉን ካላገኘሁ የምትሉ ደግሞ አስመስሎ የታተመ ስለሚበዛ ተጠንቀቁ። ሻጩ የዚያን ባዶ ቀለበት ጥርት ያለ ፎቶ ካልላከላችሁ ገንዘብ አትላኩ።