ከቆጣሪ ወደ ግራፍ፦ የኔትዎርክ ፍሰትን የሚያሳይ ሕያው ማውጫ

«ኢንተርኔቱ ዛሬም ቀርፋፋ ነው» የሚለው አቤቱታ በየግቢው የሚሰማ ነው። ተማሪው በመስመሩ ያሳብባል፤ ቴክኒሽያኑ በተማሪው ኮምፒውተር፤ አስተዳደሩ ደግሞ ፊልም በሚያወርዱ ሰዎች። ከሦስቱ የትኛው ትክክል እንደሆነ የሚወስነው ክርክር ሳይሆን ልኬት ነው። መስመሩ በእርግጥ ሞልቶ ከሆነ ሰፋ ያለ መስመር ለመግዛት ገንዘብ ይወጣል፤ ካልሞላ ግን ያው ገንዘብ ለላቦራቶሪ ዕቃ ወይም ለመጻሕፍት ሊውል ይችላል። በዚህ ጽሑፍ የኔትዎርክ ፍሰት እንዴት እንደሚለካ፣ በተለይም ግራፎቹን አሰባስቦ የሚያሳየው ማውጫ ገጽ እንዴት ቢዘጋጅ የተለካውን በትክክል እንደሚያሳይ እንመለከታለን።

ቆጣሪው ምን ይነግረናል?

በየቤታችን ያለው የውኃ ቆጣሪ የሚያሳየው ከተተከለ ጀምሮ ያለፈውን ጠቅላላ ውኃ እንጂ ውኃው አሁን የሚፈስበትን ፍጥነት አይደለም። ፍጥነቱን ለማወቅ ቆጣሪውን ሁለት ጊዜ አንብበን፣ ልዩነቱን በመካከል ላለፈው ጊዜ እናካፍላለን። የኔትዎርክ ልኬትም ከዚህ አይለይም። ኮምፒውተሮችን እርስ በርስ የሚያገናኙት ስዊችና ሩተር በእያንዳንዱ የኬብል መሰኪያ ወይም ፖርት ላይ ቆጣሪዎች አሏቸው፤ አንዱ የገባውን፣ ሌላው የወጣውን ባይት ይቆጥራል። እነዚህን ቆጣሪዎች ከሩቅ ለማንበብ የሚያገለግለው መግባቢያ ደንብ እ.ኤ.አ. በ1988 የወጣው ኤስ.ኤን.ኤም.ፒ. ነው።

እ.ኤ.አ. በ1994 በእንግሊዝ አገር በዲ ሞንትፎርት ዩኒቨርሲቲ ይሠራ የነበረው ቶቢያስ ኦቲከር ይህን ስሌት እየሠራ ውጤቱን በድረ ገጽ ላይ በግራፍ የሚያወጣ ፕሮግራም ጻፈ። የሚሠራበት ቦታ ከውጭው ዓለም ጋር የሚገናኘው በሰከንድ 64 ኪሎ ቢት ብቻ በሚያሳልፍ አንድ መስመር ስለነበር፣ የመስመሩን ሁኔታ ለማወቅ የማይፈልግ አልነበረም። ኤም.አር.ቲ.ጂ. የተባለው ይህ ፕሮግራም ከዚያ በኋላ በዓለም ዙሪያ ተስፋፋ።

ከአንድ ግራፍ ወደ መቶዎች

አንድ መስመር ላለው ሰው አንድ ግራፍ ይበቃዋል። እያንዳንዳቸው 24 ፖርት ያላቸው 20 ስዊቾች የተተከሉበትን ግቢ ብናስብ ግን 480 ፖርቶች ይኖሩናል። የእያንዳንዱ ፖርት የዕለት ግራፍ በየ5 ደቂቃው ቢሣል በቀን 138,240 ሥዕሎች ይዘጋጃሉ፤ አብዛኞቹን የሚያይ ሰው ግን የለም። ኦቲከር እ.ኤ.አ. በ1999 ባወጣው አር.አር.ዲ.ቱል በተባለው መሣሪያ ልኬትን ማከማቸትና ግራፍ መሣል ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ሆኑ። ልኬቱ መጠኑ በማይጨምር ፋይል ውስጥ ይቀመጣል፤ ፋይሉ ሲሞላ አዲሱ ቁጥር በአሮጌው ቦታ ይጻፋል። ግራፉ የሚሣለው ደግሞ ተመልካች ሲጠይቅ ብቻ ነው።

ማውጫውም እንደዚሁ በተጠየቀ ጊዜ መዘጋጀት ይኖርበታል። በእጅ የተጻፈ ማውጫ ከተጻፈበት ቀን ማግስት ጀምሮ ያረጃል። አዲስ የተከፈተው የኮምፒውተር ክፍል በዝርዝሩ ውስጥ የለም፤ ከተነሣ ወራት ያለፈው ስዊች ግን ስሙ እንደተጻፈ ነው። ተመልካቹም በማውጫው ላይ ያላየውን እንደሌለ ይቆጥረዋል።

ማውጫው ሲዘጋጅ

ሕያው ማውጫ ማለት ገጹ በተከፈተ ቁጥር በሰርቨሩ ላይ የሚሠራ አጭር ፕሮግራም ነው። ሥራው በሚከተለው ቅደም ተከተል ሊከናወን ይችላል።

አንደኛ፣ ፕሮግራሙ የልኬት ፋይሎቹ የተቀመጡበትን ቦታ ራሱ አንብቦ ዝርዝሩን ያወጣል። ተመልካቹ የጠየቀው ስም በዚህ ዝርዝር ውስጥ ከሌለ ጥያቄው ውድቅ ይሆናል፤ ይህም በጥያቄው አማካይነት ሰርቨሩን ለማዘዝ የሚሞክርን ሰው ለመከላከል ይረዳል።

ሁለተኛ፣ እያንዳንዱ ፖርት በስሙ እንጂ በተራ ቁጥሩ አይለይም። በአንዳንድ መሣሪያዎች ላይ ኤሌክትሪክ ጠፍቶ ሲመለስ ወይም አዲስ ካርድ ሲጨመር ተራ ቁጥሮቹ ሊለወጡ ስለሚችሉ፣ የቤተ መጻሕፍቱ ፍሰት በተማሪዎች መኖሪያ ስም ሊመዘገብ ይችላል።

ሦስተኛ፣ ፍሰቱ ለፖርቱ አቅም ተካፍሎ በመቶኛ ይሰላል፤ ዝርዝሩም ከሞላው ወደ ባዶው ይደረደራል። በሰከንድ 9 ሜጋ ቢት ለ10 ሜጋ ቢት መስመር ጭንቅ ነው፤ ለ1,000 ሜጋ ቢት መስመር ግን ከምንም አይቆጠርም። ትንንሾቹ ግራፎችም ሁሉ ከ0 እስከ 100 በመቶ በሆነ አንድ ሚዛን ይሣሉ። እያንዳንዱ በራሱ ሚዛን ከተሣለ ሁሉም እኩል የሞሉ ይመስላሉ።

አራተኛ፣ ዜሮና «አልተለካም» ይለያሉ። በላቦራቶሪ ቴርሞሜትሩ የተሰበረበት ተማሪ 0 ዲግሪ ብሎ አይመዘግብም። ሁለት ንባብ ያመለጠው፣ ማለትም ከ10 ደቂቃ በላይ ዝም ያለ ፖርት በገጹ አናት ላይ በተለየ ቀለም ይቀመጣል።

አምስተኛ፣ አንዴ የተሣለው ግራፍ ለ5 ደቂቃ ይቆያል። በመካከሉ አዲስ ልኬት ስለማይገባ፣ መቶ ሰዎች ገጹን ቢከፍቱም መቶ ጊዜ መሣል አያስፈልግም።

ግራፍ የሚያሳስትባቸው ሁለት መንገዶች

የመኪና ኪሎ ሜትር ቆጣሪ አሃዞቹ ሲያልቁ ከዜሮ እንደሚጀምር ሁሉ፣ ባለ 32 ቢት የኔትዎርክ ቆጣሪም 4,294,967,296 ባይት ላይ ሲደርስ እንደገና ከዜሮ ይነሣል። በሰከንድ 1 ጊጋ ቢት በሚያሳልፍ ሙሉ መስመር ላይ ይህ የሚሆነው በ34 ሰከንድ ገደማ ነው። በየ5 ደቂቃው የሚያነብ ፕሮግራም ቆጣሪው ስንት ጊዜ እንደዞረ ሊያውቅ አይችልም፤ ስለዚህ ግራፉ በሰከንድ ከ114.5 ሜጋ ቢት በላይ ፈጽሞ አያሳይም። በሰከንድ 900 ሜጋ ቢት የሚፈስበት መስመር 98 ሜጋ ቢት ብቻ ሆኖ ይታያል። ይህን ያየ አስተዳዳሪ 90 በመቶ የሞላውን መስመር ዘጠኝ አሥረኛው ባዶ ነው ብሎ የግዢውን ጥያቄ ቢመልሰው የሚፈረድበት አይሆንም። መፍትሔው ባለ 64 ቢት ቆጣሪውን ማንበብ ነው፤ ይህ ቆጣሪ በዚያው መስመር ላይ አንዴ ለመዞር ከ4,600 ዓመት በላይ ይፈጅበታል።

ሁለተኛው አሳሳች አማካይ ነው። በየቀኑ ለ8 ሰዓት ጢም ብሎ ለ16 ሰዓት ባዶ የሚያድር መስመር የቀን አማካዩ 33 በመቶ ነው። የዓመቱ ግራፍ የሚሣለው ከቀን አማካዮች ስለሆነ፣ ተማሪው በሥራ ሰዓት ገጽ መክፈት ተስኖት እያለ መስመሩ ዓመቱን ሙሉ ሁለት ሦስተኛው ያለ ሥራ የተቀመጠ ይመስላል። ስለዚህ ከአማካዩ ጎን ከፍተኛው ልኬትም ሊከማችና በማውጫው ላይ አብሮ ሊታይ ይገባል።

ለመጀመር

የተጠቀሱት ፕሮግራሞች ያለ ክፍያ የሚገኙ ሲሆኑ፣ ለሙከራ አንድ አሮጌ ኮምፒውተር ይበቃል። መሣሪያዎቹን ለማንበብ ግን የኔትዎርኩን ኃላፊ ፈቃድ መጠየቅ ግድ ነው፤ የማንበቢያው ምስጢር ቃልም በገጹ ላይ መውጣት የለበትም።

ማውጫው ሲሠራ የመጀመሪያው ተግባር መሣሪያውን መፈተን ይሁን። ሌላ ፍሰት በሌለበት ፖርት ላይ 600 ሜጋ ባይት በእኩል ፍጥነት በ10 ደቂቃ ውስጥ ያስተላልፉ። ግራፉ በሰከንድ 8 ሜጋ ቢት ገደማ ማሳየት አለበት፤ እያንዳንዱ የመረጃ እሽግ አድራሻውንም ስለሚሸከም ጥቂት ከፍ ቢል አያስገርምም። 4 ወይም 1 ካሳየ ግን ስሕተቱ ሳይገኝ በዚያ ግራፍ ላይ ተመሥርቶ ምንም ነገር አይገዛ።