ሶልቨር የሰጠህን ዋጋ ከማመንህ በፊት

ዛሬ የዋጋ ዝርዝር ሳይሆን ከዋጋው ጀርባ ስላለው ሂሳብ ላውራችሁ።

ቡና የምንገዛው በሎት ነው። ሲበጠር ግን ሦስት ነገር ይወጣል፦ ለኤክስፖርት የሚሆነው፣ ለአገር ውስጥ የሚሸጠው እና ስብርባሪው። ለእያንዳንዱ በኪሎ ስንት እንደከፈልን ለማወቅ የብዙ ሎቶችን ኪሎና የተከፈለውን ብር ኤክሴል ላይ እናስገባለን። ከዚያ ሶልቨር ሦስቱን ዋጋዎች እየቀያየረ የስህተቶቹን ስኩዌር ድምር እንዲያሳንስ እናደርጋለን።

መጀመሪያ ዋጋ ከዜሮ በታች እንዳይወርድ የሚያዘውን ሳጥን ቲክ አድርጉ። አለበለዚያ ስብርባሪው ኔጌቲቭ ሊወጣ ይችላል። ሻጩ ቡናውን ሰጥቶን ብር ይጨምርልናል ማለት ነው፤ እንዲህ ዓይነት ሻጭ እስካሁን አላገኘሁም!

ሁለተኛው የማቆሚያ ነጥብ ነው። ጂአርጂ የሚባለው ዘዴ ላይ ኮንቨርጀንስ ሳንነካው 0.0001 ነው። በመጨረሻዎቹ አምስት ሙከራዎች ለውጡ ከዚህ ካነሰ ሶልቨር ይቆማል። «ሶልቨር ሃዝ ኮንቨርጅድ» ካላችሁ ደክሞት ቆሟል እንጂ ደርሷል ማለት አይደለም። የምንፈልገው «ሶልቨር ፋውንድ ኤ ሶሉሽን» የሚለውን ነው። እኔ አንዴ ይህን ሳልለይ ዋጋ ሰጥቼ ልዩነቱን ከኮሚሽኔ ከፍያለሁ።

ስለዚህ፦
1. ኮንቨርጀንሱን ወደ 0.0000001 አውርዱት።
2. ብሩን በሺህ፣ ኪሎውን በኩንታል ቀይሩት። ቁጥሮቹ ሲቀራረቡ ሶልቨር አይደናገርም። አውቶማቲክ ስኬሊንግም ቲክ ይሁን።
3. ፕሪሲዥን 0.000001 ይበቃል፤ እሱ የሚለካው ገደቡ ምን ያህል እንደተጠበቀ ብቻ ነው።
4. ከሌላ መነሻ ዋጋ ደግማችሁ አስሩት። መልሱ አንድ ከሆነ ጥሩ ነው።

የስህተቱ ድምር እኩል ሆኖ ዋጋዎቹ ከተለያዩስ? ሎቶቻችሁ ድብልቃቸው ተመሳሳይ ነው ማለት ነው። ይህን የትኛውም ሴቲንግ አያስተካክለውም፤ ድብልቃቸው የተለያየ ሎቶች ጨምሩ።

ዩኒየኖች፣ ይቺን ያዙ፦ ስብርባሪው ዜሮ ከወጣ ዋጋ የለውም ማለት አይደለም፤ ያስገባችሁት ዳታ ዋጋውን ለይቶ አላሳየም ማለት ሊሆን ይችላል። «ሂሳቡ ዜሮ ይላል» ለሚላችሁ ገዢ በነፃ እንዳትሰጡ፤ መጀመሪያ ገበያ ጠይቁ።

መልካም ገበያ!