ዝንብ ምን ይዛ ትዞራለች?

ኮልፌ ቀራንዮ ረጲ ላይ ያለው ቆሼ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ የአዲስ አበባን ቆሻሻ ሲቀበል ኖሯል። ዝንብ እንዲበዛ ግን የግድ ቆሼ አጠገብ መኖር አያስፈልግም፤ ሳይነሳ የሰነበተ ገንዳ ወይም የከብት እበት ይበቃል። አንዲት ዝንብ በአንድ ጊዜ ከ100 በላይ እንቁላል ትጥላለች። ሙቀቱ ከተስማማት፣ እንቁላሉ ክንፍ አውጥቶ ለመብረር አሥር ቀን ያህል ነው የሚፈጅበት።

ዝንብ ጥርስ የላትም። ጠጣር ምግብ ስታገኝ ከሆዷ ፈሳሽ ተፍታበት፣ አሟሙታ ትመጠዋለች፤ እዚያው ትጸዳዳለችም። «እሽ» ብሎ ማባረር እንጀራው ላይ የቀረውን አያነሳም።

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ1996 ዓ.ም. በከተማዋ የተጎሳቆሉ ሰፈሮች ውስጥ ከአራት ቦታዎች 9550 ዝንቦች ሰብስበው መረመሩ። አንደኛ የወጣችው የምናውቃት የቤት ዝንብ አልነበረችም፤ አረንጓዴ የምታብለጨልጨው ትልቋ ዝንብ 34.9 በመቶ ስትይዝ የቤቷ ዝንብ በ31 በመቶ ተከተለች። ከውጭ ገላቸውም ከሆዳቸውም ወስፋት፣ መንጠቆ ትል፣ የኮሶ ትል፣ አሜባ፣ ጃርዲያና ሌሎችም ተገኙ። የበዛው ሆዳቸው ውስጥ ነው። እግሯ ቆሻሻ ስለሆነ ብቻ ዝንብን የሚጸየፍ ሰው፣ እንግዲህ፣ ግማሹን ነው ያወቀው።

ቢሆንም ያለ ጥፋቷ አንክሰሳት። የወስፋት እንቁላል ከሰገራ እንደወጣ ሰው አይይዝም፤ አፈር ውስጥ ሳምንታት መቆየት አለበት። መንጠቆ ትል በአብዛኛው የሚገባው የባዶ እግር ቆዳ በስቶ ነው። የከብት ኮሶም ቢሆን የሚይዘን ከጥሬ ሥጋ ነው፤ ክትፎ ወዳዱ ዝንብን ባያማ ይሻለዋል። አሜባና ጃርዲያ ግን ሌላ ናቸው። ከሰገራ ሲወጡ ለመያዝ የተዘጋጁ ስለሆኑ፣ ዝንብ ከሜዳ ወደ ማዕድ በደቂቃ ታደርሳቸዋለች። በእኔ ግምት እውነተኛው የዝንብ አደጋ ይህ ነው።

እነዚህን ጥቃቅን ተሕዋስያን በመሸከም በጥናቱ የቀደመችው ደግሞ የሕፃናት ዓይን ላይ የምታርፈው ዝንብ ናት። በአማራ ክልል ትራኮማን በማዛመት የምትታማውም እሷው ናት። የምትራባው በተለይ ሜዳ ላይ በተጣለ የሰው ሰገራ ነው፤ ሽንት ቤት ጉድጓድ ውስጥ እምብዛም አይሆንላትም።

ስለዚህ ፍሊት ከመግዛታችሁ በፊት የልጆቹን ሰገራ «የሕፃን ነው» ብላችሁ ደጅ አትድፉት፤ ሽንት ቤት ክተቱት።