የጨፋ ሸለቆ ጠገራ

(ምስል፦ የባቲ የሰኞ ገበያ፤ የብር ጌጥ የሚሸጥበት ተራ)

ተራኪ፦ የቦርከና ወንዝ በሚያቋርጠው የጨፋ ሸለቆና በዙሪያው፣ ኦሮሞው፣ አፋሩ፣ አርጎባውና አማራው በሚገናኙባቸው የከሚሴ፣ የሰንበቴና የባቲ ገበያዎች፣ በእናቶች ድሪ ላይ የሚታየው ጠገራ ብር የረጅም ዘመን የንግድ ታሪክ ማስረጃ ነው። ጠገራ የሚባለው የኦስትሪያዋ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ መልክ የተቀረጸበት መሐለቅ ሲሆን፣ 28 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ከዚህም ውስጥ ከ23 ግራም በላይ የሚሆነው ንጹሕ ብር ነው።

በመሐለቁ ላይ የሚነበበው 1780 ንግሥቲቱ ያረፈችበት ዓመት ቢሆንም፣ ገበያው የለመደውን መልክ እንዳይጠራጠር ሲባል ከዚያ በኋላ የተመቱትም ይህንኑ ዓመት ይዘው ወጥተዋል። ተመሳሳይ ነገር በአሜሪካ የቅኝ ግዛት ዘመንም ታይቷል፤ በማሳቹሴትስ ጆን ሀል የመታቸው፣ የጥድ ዛፍ የተቀረጸባቸው ሺልንጎች የተመቱት ከዓመታት በኋላ ሆኖ ሳለ የሚያሳዩት 1652ን ነው። ስለዚህ ጠንቃቃ ሰብሳቢ የሚመረምረው ዓመቱን ሳይሆን የንስሩን ላባ፣ በንግሥቲቱ ትከሻ ላይ ያለውን የዕንቁ ጌጥና በጠርዙ ዙሪያ የተጻፈውን ቃል ነው፤ ቪየና የተመታውን ጠገራ፣ ጣሊያን እ.ኤ.አ. በ1935 ለወረራው መቀርጾቹን ከኦስትሪያ ወስዳ ሮም ካስመታችው፣ ወይም ከለንደኑና ከቦምቤው የሚለየው በእነዚህ ጥቃቅን ምልክቶች ነው።

ዳግማዊ ምኒልክ በፓሪስ ያስመቱት፣ አንበሳ ያለበትና 1887 ዓ.ም. የሚል ብር ጠገራውን ከገበያ ሊያስወጣው አልቻለም። ጠገራው ከገበያ መውጣት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1945 አዲሱ የገንዘብ ሥርዓት ሲታወጅ ነው፤ በዚያን ጊዜ አሜሪካ በሰጠችው ብር በፊላደልፊያ የተመቱት የሃምሳ ሳንቲም መሐለቆች 1936 ዓ.ም. የሚል ጽሑፍ አላቸው።

(ምስል፦ በድሪ ላይ የተሰካ ጠገራ፤ ቀለበቱ በቅርብ)

ተራኪ፦ ሰብሳቢዎች የተበሳ ወይም ማንጠልጠያ የተበየደለት ጠገራ እንደ ተጎዳ ቆጥረው ዋጋውን ዝቅ ያደርጋሉ። ይህ ሚዛን ለጨፋ ፈጽሞ አይሠራም፤ ምክንያቱም ቀዳዳው መሐለቁ ከመገበያያነት ወደ ጥሎሽና ወደ ቤተሰብ ጥሪት የተሻገረበትን ጊዜ የሚመሰክር፣ አንጥረኛው የጻፈው ምልክት ነው። ቅኝ ገዥዎች ለአሜሪካ ነባር ሕዝቦች አለቆች የሰጧቸው የብር ሜዳሊያዎች በአንገት ላይ ውለው የተፋቀው ቀለበታቸው ዛሬ እንደ ማስረጃ የሚታየው በዚሁ ምክንያት ነው።

አሳሳቢው ነገር ጠገራው ለአዲስ ጌጥ ሲቀልጥ ወይም ከድሪው ተነጥሎ ለብቻው ሲሸጥ፣ ከየትኛው ገበያ እንደ መጣ፣ ከየትኞቹ ዶቃዎችና ጌጦች ጋር እንደ ተሰካና ከእናት ወደ ልጅ እንዴት እንደ ተላለፈ የሚነግረው ታሪክ አብሮ መጥፋቱ ነው። በመሆኑም ድሪው ሳይፈታ ፎቶግራፍ ሊነሣ፣ እያንዳንዱ መሐለቅ በቦታው እንዳለ ጠርዙ ሊመረመር፣ የባለቤቲቱም ቃል በራሷ ቋንቋ ሊመዘገብ ይገባል፤ ይህም ገዥው ዋጋ ከመጥራቱ በፊት መሆን አለበት።